ክሱ ሳይሰማ ደመወዙ የቆመ ፖሊስ እስከ መቼ ይጠብቅ?

ሰላም የወሎ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። በአንድ ወረዳ ረዳት ሳጅን ነው፤ ወረዳውን አልጠራም። ጥቅምት ላይ እሱ ተረኛ በነበረበት ሌሊት አንድ ተጠርጣሪ ከማረፊያ ቤት አመለጠ። በነጋታው መሣሪያውን አስረከበ። በሦስተኛው ቀን ከሥራና ከደመወዝ መታገዱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ጉዳዩ እስኪጣራ ይላል። እስከ መቼ እንደሚጣራ ግን አይልም።

አሁን ግንቦት ነው። 7 ወር ሆነ ማለት ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው አንድ ቀን እንኳ አልጠራውም። ሲሄድ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉታል። ሌላ ቀን ፋይሉ ዞን ሄዷል፣ ሌላ ቀን ጸሐፊው ተዛውሯል። የሁለት ልጆች አባት ነው። የቤት ኪራዩን እኔና ባለቤቴ ተጋግዘን እንከፍላለን። ዱቤ የሚሰጡት ባለሱቅም አሁን አሁን ፊታቸው መለወጥ ጀምሯል። የቀን ሥራ ልሞክር ሲል ደግሞ አሁንም አባል ስለሆነ እንደማይችል ተነገረው። ሥራ የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ሌላ ሥራ መያዝም አይችልም።

ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እዚህ አላነሳም። እሱን ኮሚቴው ሰምቶ ይወስን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሳይሰማ ተቀጥቷል። ደመወዝ የሌለው ዕግድ ቁርጥ ያለ የቀን ገደብ ያስፈልገዋል። ገደቡ ሲያልቅ ወይ ሰውየው ይሰማ፣ ወይ ደመወዙ ይከፈል። መሣሪያው ይመለስለት አላልኩም። ደመወዙ ነው ያልኩት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ይህን ጽፌ በ6 ቀን ውስጥ 27 መልስ መጣ። ብዙዎቹ የቤታቸውን ጉዳይ ሳይሸሽጉ ስለጻፉ ቃላቸውን እንዳለ መለጠፍ አልፈለግኩም። በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ላውራችሁ።

ቁጥር 1 ከሐይቅ ነው። አብሽሪ ብሎ ጀመረና ለወንድሜ ረጅም ዱዓ አደረገ። ቁጥር 2 ወረዳው የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም፤ አሁንም አልመልስም። ወንድሜ ጉዳዩ ያለው እዚያው ነው።

ቁጥር 3 ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ አንድን ሠራተኛ ከማሰናበታቸው በፊት ማገድ የሚችሉት ለ30 ቀን ብቻ እንደሆነ ነገረን። ቀኑ ካለፈ ወይ ያሰናብታሉ ወይ ይመልሳሉ። ለፋብሪካ ሠራተኛ ያለ ገደብ ለመንግሥት ሰው እንዴት ይጠፋል ብሎ ተገረመ። ቁጥር 4 ወዲያው አረመው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለው 30 የሥራ ቀን ነው፤ እሑድና በዓል አይቆጠርም፤ ሲቆጠር ከአንድ ወር ይበልጣል። ደግሞም ያ አዋጅ ፖሊስን አይመለከትም። እርማቱ ትክክል ነው፤ አጻጻፉ ግን ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር።

ቁጥር 5 ላይ ደሴ ውስጥ ጥብቅና የሚሠራ ሰው ገባ። ከሁሉም ረጅሙ መልስ የእሱ ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያስተካከለው እኔን ነው። ዕግድ በሕግ ዓይን ቅጣት አይደለም። ጥንቃቄ ነው። ሰውየው ማስረጃ እንዳያጠፋ፣ ምስክር እንዳያስፈራራ፣ ሌላ ጥፋት እንዳይጨምር ከቦታው ዞር የሚደረግበት መንገድ ነው። ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኞችን አዋጅ 515/1999ን አነሳ። አዋጁ በኋላ በ1064/2010 ቢተካም፣ ነገሩን በደንብ ያሳያል አለ። በዚያ አዋጅ አንድ ሠራተኛ ከሥራና ከደመወዝ ሊታገድ የሚችለው ቢበዛ ለ2 ወር ነው። የታገደበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠዋል። ከሥራ እንዲሰናበት ካልተወሰነ በቀር ደግሞ የተያዘው ደመወዝ ይመለስለታል፤ የሚመለሰው ግን ያለ ወለድ ነው።

ከዚያ ልቤን የሰበረው መጣ። ያ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛ የሚለውን ሲተረጉም የመከላከያ አባላትንና የፌዴራል ፖሊስን ከውስጡ አውጥቷል። ፖሊስ የሚተዳደረው በራሱ ደንብ ነው፣ የክልልም እንደዚሁ። ስለዚህ ያንን 2 ወር አንስቶ ለወንድሜ መለጠፍ አይቻልም። ጠበቃው የመከረኝ ሁለት ነገር ነው። የታገደበትን የደንብ አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የመሰሚያ ቀን እንዲቆረጥም በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር አልተጠየቀም አለ።

ቁጥር 6 የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከመርሳ። ከጠበቃው ጽሑፍ ተነስተው አንድ ስሌት ሠሩ። ለመንግሥት ሠራተኛ በዚያው አዋጅ ያሉት ቅጣቶች ከቃል ማስጠንቀቂያ ይጀምራሉ፤ ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ 1 ወር ደመወዝ መቀጮ፣ እስከ 3 ወር ደመወዝ መቀጮ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ በመጨረሻም ማሰናበት። ትልቁ የገንዘብ መቀጮ 3 ወር ነው። ወንድሜ 7 ወር አልተከፈለውም። ጥፋተኛ ተብሎ በትልቁ መቀጮ ቢቀጣ ኖሮ እንኳ ካጣው ከግማሽ በታች ነበር የሚያጣው። ፖሊስ የራሱ ደንብ አለው መባሉን አልዘነጉም፤ የሚዛኑን ነገር ለማሳየት ነው ያነሱት። እኔ 7 ወር ሙሉ ስብከነከን ይህንን ቁጥር አስቤው አላውቅም ነበር።

ቁጥር 7 ላይ ነገሩ ተቀየረ። ከወልዲያ የጻፈች እህት ናት። የእሷ ወንድም በአንድ ኬላ ላይ በፖሊስ ተደብድቦ ክንዱ ተሰብሯል። አቤት ብላለች። የደበደበው ሰው ታገደ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የሰማችው ነገር የለም። እና ለዚያ ሰው ደመወዝ ይከፈል ማለቴ አንጀቷን አቃጥሏታል። የደበደበን ሰው ቤቱ አስቀምጦ መቀለብ ከእኛ ግብር ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የእሷ ወንድም ግንበኛ ነው፤ ክንዱ እስኪድን ለሱ ማን ከፈለው? ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሁሉም መልሶች ያሳደረኝ ይኸኛው ነው።

ቁጥር 8 አንድ ጎረምሳ ነው፤ ሰደባት። ሴትነቷን ጭምር አንስቶ። ጽሑፉ ተነስቷል፣ እኔም ምን እንዳለ አልደግመውም። ስለኔ ወንድም ተቆርቁሮ ከሆነ አላገዘኝም። ቁጥር 9 የኔ መልስ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። ደግሞም አንድ ነገር አልኳት። የሷ ወንድም ጉዳይ የቆመውና የኔ ወንድም ጉዳይ የቆመው ኮሚቴ ባለመሰብሰቡ ነው። የቀን ገደብ ቢኖር የደበደበው ሰው ጉዳይም በ2 ወር ውስጥ ይታይ ነበር፤ እሷም ቀርባ ያየችውን ትናገር ነበር። አልመለሰችልኝም፤ ያኔ።

ቁጥር 10 ጡረታ የወጡ ኢንስፔክተር ናቸው። አያ ልበላቸው። 30 ዓመት ከሠሩ ሰው የሚመጣ ነገር ሌላ ነው። ኮሚቴ ለምን እንደማይሰበሰብ ዘርዝረው ነገሩን። አባላቱ ራሳቸው ሥራ ላይ ያሉ መኮንኖች ናቸው። አንዱ ለግዳጅ ይወጣል፣ አንዱ ይዛወራል፣ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል። የታገደው ሰው ግን ከዓይን ርቋል፤ ቢሮው ውስጥ የሚጮህ የለም። የሱ አለመከፈል ማንንም አይቆረቁርም። ደመወዝ እየተከፈለው ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ፋይናንሱ በየወሩ ጥያቄ ያነሳ ነበር፣ ኃላፊውም ፋይሉን ፈልጎ ያወጣ ነበር።

ግን እኔንም አልማሩኝም። እስረኛ ሲያመልጥ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጉቦ ነው አሉ፤ ስለዚህ ተረኛውን እዚያው ጣቢያ ማቆየት አይቻልም፣ አብረውት ያደሩት ሁሉ ምስክር ናቸው። ማገዱ ልክ ነው። የተሳሳተው መርዘሙ ነው። ከዚያ በፊት ያዩትን አወሩ። አንድ ባልደረባቸው ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ታገደ። ዓመት ሊሞላው ሲል ጥፋት የለበትም ተብሎ ተመለሰ። በመሀል ሁለቱን በሬዎች ሸጧል፣ ትልቋ ልጁ ትምህርት አቋርጣ ሰው ቤት ገብታለች። ተመልሶ 3 ወር እንኳ አልሠራም። ለቀቀና መነኸሪያ ደላላ ሆነ። በጣም ጎበዝ መርማሪ እንደነበር ሁለት ጊዜ ደግመው ጻፉ። ሌላም ያሉት አለ፤ ታግዶ የተራበ ፖሊስ ዘንድ ባለጉዳይ በጓሮ ይመጣል። የሚፈራውን ጉቦ ረሃቡ ራሱ ይጠራዋል።

ከቁጥር 11 እስከ 15 ወሬው ወደ ቅሬ፣ ማለትም ወደ ዕድር ሄደ። አንዲት የሸዋ በር እናት ወንድሜ የቅሬ መዋጮውን እንዴት እያደረገ እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ 4 ወር አልከፈለም። ሌላው ተነስቶ የነሱ ቅሬ 3 ወር ያልከፈለን ይሰርዛል አለ። ከቦሩ ሜዳ አንድ አባት ደግሞ በነሱ ቅሬ ሰው የሚሰረዘው የቅሬው ዳኛ ሦስት ጊዜ አስጠርቶት፣ ምክንያቱን ሰምቶ፣ ካልቀረበ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ችግር ካለበት ይታለፍለታል፣ ሲያገኝ ይከፍላል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። የሰፈር ቅሬ አንድን ሰው ከመዝገብ ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይጠራዋል። ከዚያ ወሬው ስለ ድንኳንና ወንበር ኪራይ ሆነ፣ ከዚያ የሐይቅ ዓሣ ዋጋ ስንት እንደገባ። እሱን እለፉት።

ቁጥር 16 ወደ ጉዳዩ መለሰን። የደሴ ልጅ ነው፣ ኒው ዮርክ ይኖራል፣ የከተማው መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነው። በግዛቱ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ክፍል 75 ላይ አንድ ሠራተኛ ክሱ እስኪሰማ ያለ ደመወዝ ሊታገድ የሚችለው ቢበዛ 30 ቀን ነው። ፖሊሶች በየከተማቸው ሕግና በማኅበራቸው ስምምነት የሚለያዩበት ነገር አለ፤ 30 ቀኑ ግን እዚያ የታወቀ ቁጥር ነው። ከ30 ቀን በኋላ ጉዳዩ ቢቀጥልም ደመወዙ ይጀምራል። ነፃ ከወጣ የ30 ቀኑም ይመለስለታል፤ ከሥራ አጥነት ድጎማ ያገኘው ካለ ተቀንሶ። ቁጥር 17 ተጠራጠረ። እንዲህ ከሆነ ተከሳሹ ራሱ እየታመምኩ፣ ጠበቃ አጣሁ እያለ ያጓትተዋል፣ ደመወዙንም ይበላል አለ። የኒው ዮርኩ ልጅ ይህንንም መለሰ። መዘግየቱ የመጣው በሠራተኛው ምክንያት ከሆነ የዚያን ጊዜ ደመወዝ አያገኝም፤ ፍርድ ቤቶቹ እንዲህ ነው የያዙት። ያዘገየ ይክፈል እንደማለት ነው። እኔ የፈለግኩት ይኸንኑ ነበር፣ አፌ ላይ ያጣሁት።

ቁጥር 18 ላይ አንድ ሰው ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰ። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3፣ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም የሚለውን። ስለዚህ ማንም ሰው ሳይሰማ መታገድ የለበትም ብሎ ደመደመ። ጠበቃው በቁጥር 19 ተመልሶ ሁለት ነገር አረመ። ያ አንቀጽ በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሌላ መንገድ አለው። ደግሞም ቀድሞ ሳይሰሙ ማገድ በሌላ አገርም ተፈቅዷል። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፖሊስ በ1992 እንደነሱ አቆጣጠር ተይዞ ወዲያው ያለ ደመወዝ ታገደ። በቀናት ውስጥ የወንጀል ክሱ ቀረ፤ ዕግዱ ግን አልተነሳም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1997 ፍርድ ቤቱ ከመታገዱ በፊት መስማት ግድ አልነበረም አለ። ከታገደ በኋላ ግን በፍጥነት መሰማት አለበት፤ ፈጥኖ ተሰምቷል ወይ የሚለው እንዲታይም ወደ ታች መለሰው። ጠበቃው ከዚህ በላይ አላብራራም። እኔ የገባኝ ግን ይኼ ነው፤ ማገድ ቶሎ ከተቻለ መስማትም ቶሎ መቻል አለበት።

ቁጥር 20 ሕንድ የተማሩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። እዚያ የታገደ የመንግሥት ሠራተኛ ባዶ እጁን አይቀመጥም። የመኖሪያ አበል ይባላል፣ መጀመሪያ ላይ በግማሽ ደመወዝ ልክ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ3 ወር ውስጥ የክስ ዝርዝር ያልተሰጠው ሰው ዕግዱ መቀጠል የለበትም ብሏል። መምህሩ ግማሽ ደመወዝ ጥሩ መሀል መንገድ ይመስላቸዋል። ማገድም ይቻላል፣ ልጆቹም ይበላሉ። እኔም ይህ አሳመነኝ፤ ሙሉው ባይሆን እንኳ።

ቁጥር 21 ኃይለኛ ነበር። እንግሊዝ የነበረ ሰው ነው። እዚያ የታገደ ፖሊስ ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፣ ጉዳዩ ደግሞ ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ ሕዝቡም ይማረራል። ስለዚህ መክፈል ኮሚቴን ያፋጥናል ማለታችሁ ውሸት ነው አለ። ኢንስፔክተሩንም በስም ጠቅሶ ነካቸው። ቁጥር 22 ሌላ ሰው በጨዋ አነጋገር መለሰለት። እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ሰውየውን ወደ ሌላ ምድብ ማዛወር ይቻላል ወይ የሚለው ነው፤ ከታገደም ዕግዱ በየ4 ሳምንቱ ይከለሳል። እንደዚያም ሆኖ መዘግየቱ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ብቻውን አያፋጥንም። ይህን እቀበላለሁ። መነሻ ጽሑፌ ላይ ወይ ይሰማ ወይ ይከፈል ብዬ ነበር። አሁን በየወሩ ይከለስ የሚለውንም እጨምራለሁ። ወር በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ለምን እንደቀጠለ ይጻፍና ይፈርምበት።

ቁጥር 23 የፖሊስ ጠበቃ ሆንሽ አለኝ። ለ15 ዓመት መምህር ነኝ፤ በልጅነቴ ፖሊስ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ይህንን ብቻ ነው የመለስኩለት።

ቁጥር 24 ላይ የወልዲያዋ እህት ተመለሰች። ድምጿ ረግቧል፣ አቋሟ ግን አልተለወጠም። ሰው የደበደበን ፖሊስና ተረኛ ሆኖ እስረኛ ያመለጠውን በአንድ ማሰሮ አታብስሉ ነው ያለችው። ገደብ ይኑር፤ ግን አካል ለጎዳ ረዘም ያለ ይሁን፣ አቤት ያለውም ሰው የመሰሚያውን ቀን ይነገረው። እሷ 9 ወር ሙሉ ማንም አልጠራትም። ጠበቃው ይህ ጥያቄ ተገቢ እንደሆነ ጻፈላት፤ የሷንም ማመልከቻ አብሮ እንደሚያይላት ቃል ገባ። ቁጥር 8 ላይ የሰደባት ልጅም በቁጥር 25 ብቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። አጭር ነበር፣ ግን ጠየቀ።

ቁጥር 26 የአያ ነው። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ወንድሜ የዕግድ ደብዳቤውን በ3 ኮፒ ይዞ ቤታቸው እንዲመጣ አሉ፤ ማመልከቻውን አብረው ሊጽፉ። አንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ ስሞታ እንዳይበዛበት፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንዲኖረው አዘዙን፤ የታገደው በየትኛው የደንቡ አንቀጽ ነው፣ መቼስ ይሰማል። ሄደን ጻፍን። ቡና አፈሉልን፣ ወንድሜ ከወራት በኋላ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገባ። ቁጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ በእጃችን አለ። ቁጥር 27 የወልዲያዋ እህት ናት። ቀን ሲቆረጥላችሁ እዚሁ ጻፊልኝ አለችኝ፤ እሷም የሷን ትጽፋለች። እሺ ብያታለሁ።